ሪቬት ሁለት ሰው ይፈልጋል

የዕቁቡ ዕጣ የወጣልኝ በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምንጥለው ዕቁብ ዳኛው ቀልድ የማያውቁበት ዕቁብ ነው፤ የዘገየ ይቀጣል፣ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ አያይም። እንደ ልማዱ ባለዕጣው ገንዘቡን ለምን እንደሚያውለው ይጠየቃል። አንዱ ለቤት ቅድመ ክፍያ፣ አንዱ ለልጁ ኮሌጅ፣ አንዱ አዲስ አበባ ጀምሮ ላቆመው ፎቅ ይላል። እኔ "አውሮፕላን ልጀምርበት ነው" አልኩ። ለአፍታ ዝም አሉ፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ጸሐፊው ዞረው "የዚህን ሰው ዋስ ሁለት አድርገው" አሉ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። ከጥግ ተቀምጠው ቡናቸውን የሚጠጡ፣ ሰባን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ዕቁብተኛው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እዚህም በዚያው ብጠራቸው ይመርጣሉ። ዝምተኛ ይመስሉኝ ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ግን ግማሹ ዝምታ የጆሮ ነው፤ ከዕድሜ ጋር መስማታቸው ደክሟል። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣

"ሪቬቱ ፍላሽ ነው ወይስ ዩኒቨርሳል?" አሉኝ።

"ላይኛው ቆዳ ፍላሽ፣ ውስጡ ዩኒቨርሳል ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"አራት መቶ ሃያ ስድስትና አራት መቶ ሰባ" ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ሌላው ሰው ምን እንደተባባልን አልገባውም። እኔ ግን ለወራት መመሪያ ሳነብ የከረምኩ ሰው ነኝና ክው አልኩ። 426 ራሱ ከላሜራው እኩል የሚሰምጥ የሪቬት ዓይነት ነው፤ 470 ደግሞ ራሱ ጉብ ብሎ የሚቀር። ጋሼ አገር ቤት ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ሺት ሜታል ሙያ የጨረሱ ሰው መሆናቸውን፣ አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ዋሽንግተን መሀል የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ መውጣታቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያን ያህል ዘመን አብረን ዕቁብ ስንጥል ምን ሙያ እንዳላቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። መተዳደሪያዬ የሆስፒታል ኮምፒውተር መጠገን ነው። የግል አብራሪነት ፈቃዴን ያወጣሁት ፍሬድሪክ ከተማ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የምከራየው ሴስና አውሮፕላንም በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። ሰው በቤቱ አውሮፕላን ሠርቶ እንደሚበር በወሬ ሰምቻለሁ፤ ያመንኩት ግን ዊስኮንሲን፣ ኦሽኮሽ ሄጄ ሳይ ነው። ፖል ፖበረዝኒ የሚባል ሰው በጃንዋሪ 1953 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ ላይ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር የመሠረተው የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር፣ ኢ.ኤ.ኤ.፣ በየዓመቱ በሐምሌ ኦሽኮሽ ላይ ይሰበሰባል። በዚያ ሳምንት የዚያች ትንሽ ከተማ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ከዓለም ሥራ እጅግ የሚበዛበት ይሆናል። ሣሩ ላይ የተደረደሩት ቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች ዓይን አይጨርሳቸውም። ከእያንዳንዱ ክንፍ ሥር ባለቤቱ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል፤ አንድ ጥያቄ ከጠየቅኸው እስኪመሽ አይለቅህም። ጡረተኛ መምህር፣ የጥርስ ሐኪም፣ ገበሬ አየሁ። ሐበሻ አላየሁም፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ትንሽ ቆጨኝ።

የአሜሪካ ሕግ ነገሩን የሚፈቅደው በአንድ ዋና ቅድመ ሁኔታ ነው። ከግንባታው የሚበዛው እጅ፣ በሰው አፍ 51 ከመቶ የሚባለው፣ ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ብለው በሚሠሩ ሰዎች መሠራት አለበት። ፋብሪካው የቀረውን ሊሠራልህ ይችላል፤ ላሜራውን ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ቀዳዳውን በማሽን በስቶ ይልክልሃል። ኪት የሚባለው ይህ ነው። የመንግሥት ሕግ መጽሐፍ ውስጥ "መዝናኛ" የሚል ቃል ማግኘቴ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ብረት እየሞረድኩ እኩለ ሌሊት ሲሆንብኝ መዝናናቴ እንደሆነ ለራሴ አስታውሳለሁ።

የመረጥኩት የኦሪገኑን ቫንስ ኤርክራፍት አር ቪ-9ኤ ነው። የኩባንያው መሥራች ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን አር ቪ-3 ያላትን ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን በ1971 እ.ኤ.አ. አብርሮ ነው የጀመረው፤ ዛሬ አር ቪ በሚል ስም ተሠርተው የበረሩት ከ11,000 በላይ ናቸው። ለእኔ ዋናው ምክንያት ቁጥሩ ነበር። ያን ያህል ሰው የሄደበት መንገድ ላይ ችግር ቢገጥመኝ፣ ከእኔ በፊት የገጠመውና የፈታው ሰው አለ ማለት ነው። አር ቪ-9ኤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፣ የአፍንጫ ጎማ አላት፣ ከ118 እስከ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይበቃታል። ሰማይ ላይ መገለባበጥ አይፈቀድላትም። ወንድሞቿ እነ አር ቪ-7 ይገለባበጣሉ፤ እኔ ግን የአራት ልጆች አባት ነኝ።

ኪቱ በአንድ ጊዜ አይገዛም። መጀመሪያ ጅራት፣ ከዚያ ክንፍ፣ ከዚያ አካል፣ ከዚያ ማጠናቀቂያ፤ ሞተሩና የበረራ መሣሪያው የብቻቸው ወጪ ናቸው። ጅራት የሚቀድመው በዘፈቀደ አይደለም። በገንዘብ ትንሹ ክፍል ነው፤ በሥራ ግን አውሮፕላኑ የሚፈልገውን ሁሉ በትንሹ ይዟል። መቦርቦር፣ መሞረድ፣ ማስመጥ፣ መምታት። ጅራት ላይ የሰለቸው ሰው ዕዳ ሳይገባ ሸጦ ይወጣል። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ የክንፉን ገንዘብ ጅራቱ ሳያልቅ አትክፈል። የኪት ኩባንያም እንደ ማንኛውም ኩባንያ ሊከስር ይችላል፤ ገንዘብህ የሰው እጅ ላይ ባነሰ ቁጥር እንቅልፍህ ይበዛል።

ባለቤቴ የአሜሪካውን የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ የኤፍ ኤ ኤን፣ ደንብ አንብባ አታውቅም፤ ያወጣችው ደንብ ግን ከእነሱ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። "መጀመሪያ ብቻህን ትበርበታለህ። አንተ ሳትፈትነው ልጆቼ አይወጡበትም" አለችኝ። የአሜሪካም ሕግ እንዲሁ ነው የሚለው። አውሮፕላኑ ተመርምሮ ፈቃድ ካገኘ በኋላ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት በተወሰነለት አካባቢ ለሙከራ ይበራል፤ እስከዚያ መንገደኛ አይጫንም። ሁለተኛው ደንቧ የኩሽናዋን ጠረጴዛ የሚመለከት ነው፤ ብረት እንዳይቀመጥበት። ሦስተኛው፣ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ነው።

ጋራዣችን አንድ መኪና የምትይዝ ጋራዥ ናት፤ መኪና ግን ገብቶባት አያውቅም። የልጆች ብስክሌት፣ አሮጌ ፍራሽ፣ ወደ አገር ቤት ሊላክ የተጠቀጠቀ የልብስ ሻንጣ ሞልቷታል። እሱን ማንሳት ራሱ አንድ ሥራ ነበር። ሻንጣዎቹን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ እየለመንን ላክናቸው። ከዚያ ሁለት ጠንካራ ጠረጴዛ ሠራሁ፣ መብራት ጨመርኩ፣ ኮምፕሬሰር ገዛሁ። መሣሪያው ብቻውን ኪስ ይጎዳል። የሪቬት ጠመንጃ፣ የእጅ መጭመቂያ፣ ትራፓኖ፣ የመዓዘን መለኪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊኮ የሚባሉት በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ባለ ስፕሪንግ መያዣዎች። ክሊኮ ሁለት ላሜራ በቀዳዳው አልፎ ለጊዜው አንድ ላይ የሚይዝ መቆንጠጫ ነው። ለ3/32 እንች ቀዳዳ የሚሆነው ብርማ ነው፣ ለ1/8 የመዳብ ቀለም አለው። ልጆቼ በቀለም እየለዩ ቆርቆሮ ውስጥ መክተቱን ወደዱት፤ አውሮፕላኑን በሚመለከት እስከ ዛሬ ያለማጉረምረም የሚሠሩት እሱን ብቻ ነው።

ሣጥኑ በጭነት መኪና መጣ። ሾፌሩ መንገድ ዳር አውርዶልን ሄደ። እንጨቱን ስንከፍት ላሜራዎቹ በሰማያዊ ስስ ላስቲክ ተሸፍነው፣ ሪቬቱ በትናንሽ ከረጢት ተቋጥሮ፣ ሁሉም በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። አንዳንዱ ላሜራ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ባለቤቴ አንዱን አንስታ ስታጎብጠው ወለም አለ፤ "በዚህ ነው የምትበረው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። መልሱን የሰጡት በማግስቱ የመጡት ጋሼ ናቸው። ላሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጫፉን በትንሹ አጠፉና "እትዬ፣ ብቻውን ወረቀት ነው። የውስጡ አጥንት፣ ሪቡ፣ ላይ ሲታሰር ግን ተሸክሞ ይሄዳል" አሏት። ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ሲሉ ጋራዥ መሆኑን አስታወስናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራችን ቆጠራ ነበር። ዝርዝሩን እኔ አነባለሁ፣ ጋሼ ዕቃውን ያነሳሉ። የሪቬቱ ከረጢት ላይ ኤ.ኤን.426ኤ.ዲ.3-3.5 ይላል። ኤ.ዲ. የቅይጡ ስም ነው፤ 3 ማለት የአገዳው ስፋት 3/32 እንች፣ 3.5 ደግሞ ርዝመቱ በ16ኛ እንች ሲለካ። ጋሼ ጽሑፉን አያነቡም፤ አንዱን ሪቬት በሁለት ጣት ይዘው በጥፍራቸው ራሱን ይነካሉ። የኤ.ዲ. ሪቬት ራስ መካከል ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አለው። "አለ" ይላሉ፣ ይመልሱታል። መነጽራቸውን ያላወጡት ለምን እንደሆነ ከዚያ ነው የገባኝ።

ስለ ክፍያ አነሳሁ። ሕጉ እንዲህ ይላል ጋሼ፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሠራ ሰው ሥራ ከ51ዱ ውስጥ አይቆጠርም፤ ያለክፍያ የሚያግዝ ወዳጅ ግን ይቆጠራል፤ ሆኖም በነጻ ጉልበትዎን መውሰድ ይከብደኛል አልኳቸው። ሳቁ። "እኔ በዚህ አገር ሰዓት ፈርሜ ያልገባሁበት ሥራ የለም። ይኼ የመጀመሪያዬ ነው" አሉ። የሰለቻቸው አንድ ነገር ፎቶው ነበር። መርማሪው መጥቶ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ሥራውን በእርግጥ እኛ እንደሠራነው ማስረጃ ያያል፤ ስለዚህ በየደረጃው ፎቶና ማስታወሻ ይያዛል። ጋሼ ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ኮፍያቸውን ያወርዱታል። ማኅደሬ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ አንድ ኮፍያና ሁለት እጅ ነው።

ሪቬት መምታት ከመጀመራችን በፊት ብዙ ቅዳሜ በመሞረድ አለፈ። ማንም የማይነግርህ ነገር ይህ ነው። ትራፓኖ ቀዳዳ ሲበሳ በዙሪያው በዓይን የማይታይ ስል ጠርዝ ይተዋል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። በዚያ ላይ የላሜራው ጫፍ ሁሉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት መለስለስ አለበት። እኔ በጣቴ ዳስሼ "ጨርሻለሁ" ስል ጋሼ ከኪሳቸው ጥጥ አውጥተው ጠርዙ ላይ ይጎትቱታል። አንድ ክር ከያዘ አልጨረስኩም።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ "ጋሼ፣ ይኼን ያህል ያስፈልጋል?" አልኳቸው። ሞረዱን አስቀምጠው የአሎሃን ነገር አወሩልኝ። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ነው። ሃዋይ ውስጥ ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737-200 ሰማይ ላይ እያለ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ። መንገደኞቹ ወንበራቸው ላይ እንደታሰሩ ሰማይ ታያቸው። አብራሪዎቹ አሳረፉት፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ግን ከአውሮፕላኑ ተጠርጋ ሞተች። አውሮፕላኑ 90,000 ገደማ በረራ አድርጎ ነበር። በእያንዳንዱ በረራ አካሉ በአየር ይነፋል፣ ሲያርፍ ይሟሽሻል፤ ላሜራ ከላሜራ በሪቬት በተያያዘበት መስመር ላይ ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ የጀመሩ ስንጥቆች እያደጉ ተገናኙ። "እኛ ያን ጊዜ ሃንጋር ውስጥ ነበርን። ወሬው ሲመጣ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የእጁን ሥራ አየ" አሉ ጋሼ። የእኔ ጅራት አየር አይነፋበትም፤ የሚያጋጥመውም ጫና ሌላ ነው። ይህን ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ስንጥቅ ከስል ጠርዝ እንደሚጀምር በሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ጥጡን እኔው መያዝ ጀመርኩ።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም። አውሮፕላን ሠሪዎች በምርጫና በሃይማኖት ባይጣሉ በአንቲረስት ይጣላሉ። አንዱ እያንዳንዷን ቁራጭ ካልቀባህ ይልሃል፣ ሌላው ላሜራው ራሱ በንጹሕ አሉሚኒየም የተለበጠ ስለሆነ ክብደት አትጨምር ይላል። ጋሼ ፍርዳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጡ፤ ብረት ከብረት የሚተኛበትን ቀባ፣ የቀረውን ተወው። የሜሪላንድን የበጋ ወበቅ እያሰብኩ ከዚያ ጥቂት አብልጬ ቀባሁ።

አሁን ወደ ሪቬቱ።

የአውሮፕላን ላሜራ በሙቀት የጠነከረ ቅይጥ ነው፤ ብትበይደው ጥንካሬው ይሄዳል። ለዚህ ነው በሪቬት የሚታሰረው። ሥራው በንግግር ቀላል ነው። ሪቬቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው በጠመንጃው ራሱን ይመታል፤ ሌላ ሰው ከላሜራው በስተኋላ ባኪንግ ባር የሚባል ከባድ ጥርብ ብረት በአገዳው ጫፍ ላይ ደግፎ ይይዛል። አገዳው በምቱና በብረቱ መካከል ተጨፍልቆ ሁለተኛ ራስ ያወጣል። ይህ ራስ ስፋቱ የአገዳውን አንድ ተኩል፣ ቁመቱ የአገዳውን ግማሽ መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ አይይዝም፤ ከዚያ የበለጠ የተጨፈለቀ ይሰነጠቃል። የምቱ ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይረዝምም።

ጠመንጃውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ብረቱን እሳቸው ያዙ። ከባዱን ለራሴ ያደረግሁ መስሎኝ "ልቀይርዎት?" አልኳቸው። "ተኩሱ ለጀማሪ ነው። ሪቬቱን የሚሠራው ከኋላ ያለው ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጠመንጃ ያዡ የሚያየው የሰመጠውን ራስ ብቻ ነው፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ አያውቅም። የሚያውቀው በላሜራው ማዶ ያለው ሰው ነው።

ችግሩ ግን በመካከላችን ላሜራ አለ። እኔ እሳቸውን አላያቸውም፣ ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፣ ሁለታችንም ጆሮ ላይ መከላከያ አለ፣ የጋሼም ጆሮ ድሮውንም ደክሟል። በዚህ ጊዜ ነው የሃንጋሩን ቋንቋ ያስተማሩኝ። ከመታሁ በኋላ እጠብቃለሁ። ከማዶ በብረቱ አንድ ጊዜ ኳ ካደረጉ "ጨምር" ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ "ተስማማ፣ እለፍ"። ሦስት ጊዜ ከሆነ "ተበላሽቷል፣ ይውጣ"። በዓለም ላይ ያለ የሺት ሜታል ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያውቀዋል አሉኝ። የምሰማው በጆሮዬ አልነበረም፤ ጠመንጃውን በያዘው እጄ መዳፍ ውስጥ ይደርሰኛል። ኳ ኳ፤ ወደሚቀጥለው። ኳ ኳ፤ ወደሚቀጥለው። መጀመሪያ ላይ ሦስቱን ኳታ እፈራው ነበር። ሪቬት ማውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ራሱን በልኩ ትቦረቡራለህ፣ ትሰብረዋለህ፣ አገዳውን በቀስታ ትገፋዋለህ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ነገሩ ወደ ትልቅ ሪቬት ይሄዳል። ጋሼ ግን ሦስቱን ሲመቱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ለእሳቸው መልእክት ነው፤ ቁጣ የለበትም።

የጅራቱን አግድም ማረጋጊያ የመታነው እንዲህ ነው። ልጄ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ብዙ ካየችን በኋላ "አትነጋገሩም?" አለች። ቀኑን ሙሉ ስንነጋገር ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ነው ጋሼ የሚያወሩት። ዕቁቡ ላይ አንዱ "ኢትዮጵያዊ አውሮፕላን ሠርቶ ያውቃል?" ብሎ የተናገረው ነገር ውስጣቸው ቀርቶ ነበር። "እሸትን የት ጥለዋት ነው?" ይላሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ባገኘው ፈቃድ አግ-ካት የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም ነበር፤ ስሙንም እሸት አለው። ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ፣ አካሉ የብረት ቱቦ፣ ጎኑ የሚፈታ ላሜራ። ጋሼ ስለ እሸት ሲያወሩ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፤ የቱቦውን መገጣጠሚያ አየር ላይ ይስሉታል።

ስለ ፀሐይም ተከራከርን። ጣሊያን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በንጉሡ ልጅ ስም የተጠራችው አውሮፕላን ናት። ጣሊያኖች ወስደው ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም አቆሟት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። እኔ "ንድፉ የጀርመናዊው ነውና ብዙ አንኩራ" አልኩ። ጋሼ ተቆጡ። "ንድፍ ያወጣ አንድ ሰው ነው። ብረቱንና እንጨቱን የያዘውን ማን ቆጠረው?" አሉ። ስለ ዌበር እኔም አልተሸነፍኩም፤ ስለ እጁ ግን ትክክል ናቸው። በእኛ ዘመን ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ አለ፤ ያለ ምንም ኪት፣ ከአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ጋር አገር ቤት አውሮፕላን የገጣጠመው። ከእሱ አንፃር የእኔ ሥራ የተቀቀለ እንቁላል እንደ መላጥ ነው። ቀዳዳዬ በኮምፒውተር ተበስቶ፣ መመሪያዬ ገጽ በገጽ ተጽፎ ነው የመጣልኝ።

ኢ.ኤ.ኤ. ቴክኒካል ካውንስለር የሚላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ልምድ ያላቸው ሠሪዎችና መካኒኮች ናቸው፣ ቤትህ ድረስ መጥተው ሥራህን ያያሉ፣ ገንዘብ አይቀበሉም። ወደ እኛ የመጡት ሽማግሌ አሜሪካዊ ትንሽ መስታወትና ባትሪ ይዘው ማረጋጊያው ውስጥ አንገታቸውን አስገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ብረቱን የያዘው ማነው?" የሚል ነበር። ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ከዚያ በኋላ እኔ በራሴ ጋራዥ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ። ሁለቱ በቁጥር ይነጋገራሉ፤ አንዱ የቅይጥ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው የሪቬት ቁጥር ይመልሳል፣ ይስቃሉ። ለእኔ የተረፈኝ ምክር ስለ ራደሩ፣ ማለትም ስለ ጅራቱ መሪ፣ ነበር። የራደሩ የኋላ ጠርዝ ስል ስለሆነ በምቱ ብዛት እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ቀጥ ባለ ብረት ላይ አስተኝታችሁ፣ ከመካከል ወደ ዳር ቦታ እየዘለላችሁ፣ በጥቂት በጥቂቱ ምቱት አሉን። እንዲሁ አደረግን። ቀጥ ብሎ ወጣ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚወራ አንድ እውነት አለ፤ ብዙ ፕሮጀክት ጅራት ላይ ይቀራል። ሰዎች ምክንያቱን ገንዘብ ይላሉ፣ ጊዜ ይላሉ። አር ቪ-9 የመሰለ አውሮፕላን ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት ይፈጃል ይባላልና ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ያላለቀ ጅራት ሲሸጥ ለማየት የሄድኩበት ጋራዥ ሁሉ ውስጥ ጠረጴዛው የተዘጋጀው ለአንድ ሰው ነበር። አንድ ወንበር፣ አንድ የጆሮ መከላከያ። ብቻህን የምትመታበት ዘዴ አለ፤ መጭመቂያም አለ፣ እጁ ረዥም የሆነ ሰው በአንድ እጁ ተኩሶ በሌላው ይይዛል። ይሠራል። ግን ብርድ የገባበት የጥር ማክሰኞ ማታ፣ ሥራ ውለህ መጥተህ፣ በር ከፍተህ የምትገባበት ምክንያት የሚሰጥህ ከላሜራው ማዶ የሚጠብቅህ ሰው ነው። ለጋሼም እንደዚያው እንደሆነ ባለቤታቸው ለባለቤቴ ነግረዋታል። ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ በፊት ነው የሚነሱት።

አሁን ጅራቱ አልቋል። ማረጋጊያዎቹ፣ ራደሩና ኤሌቬተሮቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሳሎን ከሶፋው ኋላ ቆመዋል፤ የባለቤቴ ደንብ ስለ ኩሽና ነው እንጂ ስለ ሳሎን ምንም አይልም። የክንፉን ገንዘብ ከፍያለሁ፣ ሣጥኑ በመንገድ ላይ ነው። ዳኛው ዋሶቼን ለቀውልኛል።

ክንፍ ግን እንደ ጅራት አይደለም። ላሜራው ሰፊ ነው፣ ሪቬቱ በሺዎች ነው፣ ሁለት ሰው አይበቃውም፤ አንዱ ላሜራውን መደገፍ አለበት፣ ጋሼም ቀኑን ሙሉ ብረት ሲይዙ መዋል የለባቸውም። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ ስትነዱ፣ መኪና ስታቆሙ፣ ጡረታ ወጥታችሁ የልጅ ልጅ ስትጠብቁ የምትውሉ የቦሌ የሺት ሜታል ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በየዕቁባችሁና በየደብራችሁ ሙያችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው ካጣችሁ፣ እኔ እየጠየቅኋችሁ ነው። ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ክፍያ የለውም፤ ምሳ ግን አለ።